እማዬ ስትገባ ኪራዩ ለምን ጨመረ?

አምና እማዬ ከደብረ ብርሃን ተነስታ አሜሪካ ሄደች። የወሰደቻት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ግሪን ካርዱ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። በሦስተኛው ወር እትዬ የአንድ ደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ በድምፅ «አንተ፣ የሒሳብ ሰው አይደለህ? እስቲ ይቺን ወረቀት እያት። እናቴን ስላስገባሁ ነው እንዴ የተቀጣሁት?» ትላለች።

እትዬ የምትኖረው መንግሥት ኪራዩን በሚደጉመው ቤት ነው። ደብዳቤው ኪራይዋ በወር 98 ዶላር መጨመሩን ይገልጻል። እኛ የጠበቅነው ተቃራኒውን ነበር። ቤት ውስጥ አንድ አፍ ሲጨመር፣ ያውም ሥራ የሌላት አሮጊት ስትገባ፣ ኪራዩ ይቀንሳል ብለን ነበር። እዚህም እዚያም ሆነን ተናደድን።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ያን ደብዳቤ ፈትቼ ለመረዳት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ወሬው ሲሰማ ሌሎችም የልጃቸውን፣ የእህታቸውን ወረቀት ስልካቸው ላይ ይዘው ይመጡ ጀመር። አንድ አባት ከሞላሌ ድረስ መጥተው ሱቄ በር ላይ ጠበቁኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጄ መንግሥት ቤት ነው ያለችው ይባላል፣ ታዲያ ኪራዩ በየዓመቱ ለምን ይለዋወጣል?» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይረፍልን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የእኛን አገር ልማድ ከጭንቅላታችን እናውጣ። እኛ ያደግነው ጠባሴ በኩል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ጠዋት ብርዱ ከወለሉ የሚነሳ። ኪራዩ 12 ብር ነበር። እማዬ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ 12 ብር፣ ጡረታ ስትወጣም 12 ብር። ከጎናችን የነበረው ነጋዴ ከእኛ አሥር እጥፍ ቢያገኝም ያው ለቤቱ የተቆረጠውን ይከፍል ነበር። የቀበሌ ቤት ነገር ሲጀመርም ከቤቱ ነው የተነሳው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ተከራዩ ምን ያገኛል ብሎ በየዓመቱ የሚጠይቅ አልነበረም። ዋጋው የተጻፈው ለግድግዳውና ለጣሪያው ነው።

እትዬ ያለችበት ቤት ግን ዋጋው የሚጻፈው ለቤተሰቡ ነው። ያው ክፍል፣ ያው መስኮት፣ ሰው ሲቀየርበት ኪራዩ ይቀየራል። ይህን ካልያዝን ሌላው ሁሉ አይገባንም።

ሠላሳ ከመቶው ከየት መጣ

እነዚህን ቤቶች በበላይነት የሚቆጣጠረው በ1965 የተቋቋመው የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያሉት ሀድ ነው የሚሉት። (ይህን 1965 ጨምሮ ስለ አሜሪካ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ቤቶች የጥገና ወጪ እያሻቀበ፣ የየከተማው የቤቶች አስተዳደር ኪራይ እየጨመረ ሄደ። ድሆች ካላቸው ግማሽና ከዚያ በላይ ለኪራይ የሚከፍሉበት ጊዜ መጣ። ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ በ1969 የመንግሥት ቤት ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አድማ መቱ። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ያቀረቡት ማሻሻያ ጸደቀ፦ ተከራይ ከገቢው ከ25 ከመቶ በላይ እንዳይጠየቅ። በ1981 ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ። ዛሬም ድረስ ስሌቱ የቆመው በዚያ ላይ ነው። በ1974 ደግሞ ሰዎች ሴክሽን ኤይት የሚሉት ፕሮግራም ተጨመረ፤ ቤቱ የግለሰብ ሆኖ የኪራዩን ልዩነት መንግሥት የሚሞላበት ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ «ከገቢሽ ሠላሳ ከመቶ» ከሆነ ቀላል ይመስላል። ጣጣው «ገቢ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

እትዬ የምታስበው እጇ የሚገባውን ነበር። ደመወዟ በሰዓት 18 ዶላር ነው፣ በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች። በየሁለት ሳምንቱ ቼክ ይሰጣታል። ታክሱና ሌላው ተቆርጦ የሚደርሳትን ሁለት ጊዜ ደምራ «የወር ገቢዬ» ትላለች። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ።

አንደኛው፣ የሚታሰበው ከታክስ በፊት ያለው ነው። ለመንግሥት የተቆረጠው ብር እጇን ባይነካም ገቢዋ ነው ተብሎ ይያዛል። ይህ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ እኔም ልክ ነው ብዬ ለማሳመን አልመጣሁም። ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው በእኛ በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ወጥመድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መከፈልና በወር ሁለቴ መከፈል አንድ አይደለም። ዓመት 52 ሳምንት ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 26 ቼክ ያገኛል እንጂ 24 አይደለም። በዓመት ውስጥ ሦስት ቼክ የሚገባባቸው ሁለት ወራት አሉ። እትዬ እነዚያን ወራት «እግዜር የጣለልኝ» ትላቸው ነበር፤ የልጆቹን ጫማ የምትገዛው፣ ለእኛም ለፋሲካ በግ ብላ የምትልከው ከዚያ ነው። ቼኳ ከታክስ በፊት 1,440 ዶላር ነው። በ24 ስናባዛው 34,560፤ በ26 ግን 37,440 ነው። ልዩነቱ 2,880 ዶላር። ሠላሳ ከመቶው በወር 72 ዶላር ይመጣል። እሷ በቤቷ ከታክስ በፊት ባለው ስታሰላ እንኳ «ሰባ ምናምን ዶላር አብዝተውብኛል» ያለችው፣ አላበዙባትም፤ ቼክ ረስታ ነው።

እና ወረቀቱን ስትሞሉ ወይም ስትመረምሩ ቀድማችሁ እዩት፤ የምታባዙት በስንት ነው? በየሳምንቱ ከሆነ በ52፣ በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በ26፣ በወር ሁለቴ ከሆነ በ24። ኦቨርታይምም ይገባል። በተቃራኒው ኪራዩን የሚያሰላው ጽሕፈት ቤት ተሳስቶ የአንድ ሰሞን ኦቨርታይምን ዓመቱን ሙሉ እንደሚቀጥል ቆጥሮት ከሆነ፣ ያን ለማስተካከል የደመወዝ ወረቀቶችን ደርድሮ ማሳየት ያስፈልጋል።

ከገቢው ላይ የሚነሳው

ሠላሳ ከመቶው የሚሰላው ከጠቅላላው ገቢ አይደለም። መጀመሪያ የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። ዋናዎቹ ለእያንዳንዱ ጥገኛ በዓመት የሚነሳ መጠን (ለብዙ ዘመን 480 ዶላር ሆኖ የኖረ)፣ እናት ወይም አባት ሥራ እንዲሠሩ ወይም እንዲማሩ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚከፈል የሞግዚት ወጪ፣ እንዲሁም የቤቱ ኃላፊ ወይም የትዳር ጓደኛው 62 ዓመት የሞላቸው ወይም አካል ጉዳተኛ ሲሆኑ የሚሰጥ ተቀናሽ ናቸው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነ የሕክምና ወጪም ይነሳላቸዋል።

ቁጥሮቹ አሁን እየተለወጡ ነው። በ2016 ሆትማ የሚባል ሕግ ወጣ፤ ዝርዝር ደንቡ በ2023 ታወጀ። ለአረጋውያን ቤተሰብ የነበረው የ400 ዶላር ተቀናሽ በዚህ ሕግ 525 ሆነ፤ የሕክምና ወጪ የሚነሳው ግን ከገቢ 3 ከመቶ ሲበልጥ የነበረው 10 ከመቶ ሲበልጥ እንዲሆን አደረገው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ወሰደ። አንዳንዶቹ ቁጥሮች ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከሉ ተብሏል፤ የሚጀምርበት ቀንም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ስለዚህ የጎረቤት ወረቀት ላይ ያለውን ይዛችሁ አትከራከሩ። የራሳችሁ ደብዳቤ ላይ ያለውን ያዙ።

እማዬ ከመግባቷ በፊት የእትዬ ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር። በዓመት 37,440 ዶላር። ሁለት ልጆች አሏት፣ የዚያን ጊዜ 17 እና 9 ዓመታቸው። ለሁለቱ 960 ይነሳል። ትንሹ ከትምህርት ቤት መልስ ለሚቆይባት ሴትዮ በወር 300፣ በዓመት 3,600 ይነሳል። የቀረው 32,880 ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 2,740። ሠላሳ ከመቶው 822 ዶላር።

ከዚያ አንድ ማነጻጸሪያ አለ። ከ30 ከመቶው ጋር፣ ምንም ሳይቀነስ ካለው የወር ገቢ 10 ከመቶ ይሰላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለእትዬ 10 ከመቶው 312 ብቻ ስለሆነ 822 አለፈ። ገቢ ለሌለው ሰው ደግሞ ዝቅተኛ ኪራይ የሚባል አለ፤ እንደፕሮግራሙ 25 ዶላር ወይም እስከ 50 ዶላር ይደርሳል። እሱንም መክፈል ላቃተው ችግሩን አስረድቶ ነፃ የሚጠይቅበት መንገድ አለ።

መብራትና ጋዙን ተከራዩ ራሱ የሚከፍል ከሆነ የተወሰነ መጠን ከዚህ ላይ ይነሳለታል። ለእትዬ ቤት 90 ዶላር ተይዟል። ስለዚህ ለአከራዩ የምትሰጠው 732 ነበር። የቀረውን የቤቱን ዋጋ ድጎማው ይሸፍናል።

እማዬ ስትገባ

አሁን ወደ ንዴታችን እንመለስ። እማዬ ገባች። ሥራ የላትም። የምትበላው ከልጇ ነው። በእኛ አማርኛ ጥገኛ ማለት ይኼ ካልሆነ ሌላ ምን አለ?

የሀድ ደንብ ግን ጥገኛ የሚለው ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ወይም የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ። የቤቱ ኃላፊና የትዳር ጓደኛ በጥገኛነት አይቆጠሩም። እርጅና በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጤነኛ የሆነች የ68 ዓመት እናት ጥገኛ አይደለችም፤ 480ዋ አትነሳላትም።

«እሺ፣ የአረጋውያኑ ተቀናሽስ?» አልኩ። እሱም የለም። የሚሰጠው የቤቱ ኃላፊ ወይም የትዳር ጓደኛው አረጋዊ ሲሆኑ ነው። ኃላፊዋ እትዬ ናት፤ 44 ዓመቷ ነው። እማዬ በዚያ ወረቀት ላይ «ሌላ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው» ናት። የመድኃኒቷ ወጪም በዚሁ ምክንያት አይቀነስም። ይህን መስመር ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። የወለደችንን ሴት ሌላ ሰው ብሎ የጻፈ ወረቀት ነው። ቆይቼ ግን የደንቡን ቋንቋ ከእኛ ቋንቋ ጋር ማጋጨት እንደማይጠቅም ገባኝ። ቃሉ እዚያ ሌላ ትርጉም አለው፣ አለቀ።

ታዲያ አለመቀነሱስ ይሁን፣ ለምን ጨመረ? ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እማዬ ከፋብሪካው ጡረታዋን ታገኛለች። እዚህ በብር ነው የሚከፈለው፤ ተመንዝሮ በወር 25 ዶላር አካባቢ ሆነ። ጡረታ ከየትም አገር ይምጣ ገቢ ነው። ሠላሳ ከመቶው 7 ዶላር ተኩል ነው። ሁለተኛ፣ እማዬ ከመጣች በኋላ ትንሹን ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እሷ ሆነች። እትዬ ለሴትዮዋ መክፈል አቆመች። የማይከፈል ወጪ አይቀነስም። 3,600ው ከስሌቱ ወጣ፤ ሠላሳ ከመቶው በወር 90 ዶላር ነው። 90 እና 7 ተኩል፣ ሲጠጋጋ 98።

ቅጣት የመሰለን ነገር ይኸው ነው። በሌላ ዓይን ካየነው እትዬ በወር 300 ዶላር ማውጣት ተወች፣ ኪራዩ ደግሞ 98 ጨመረ። ልዩነቱ ወደ 200 ዶላር በእጇ ይቀራል። ይህን በስልክ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይኼን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አላጣም ነበር» አለችኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ጭምር ነው።

ለእኛ የምትልከው

ይህን ክፍል አገር ቤት ያላችሁ በደንብ አንብቡት።

እትዬ ወደዚህ የምትልከው ገንዘብ ከገቢዋ ላይ አይቀነስም። አንድ ሳንቲም እንኳ። እሷ በየወሩ 150 ዶላር ብትልክ፣ ስሌቱ ያን 150 ዶላር እሷ እንደበላችው ነው የሚቆጥረው። የወንድሟን ልጅ ትምህርት ቤት፣ የአክስቷን የዓይን ሕክምና፣ የተዝካር ወጪ፣ ምንም አያውቅም። ሠላሳ ከመቶ ብቻ ነው የምትከፍለው ስንል፣ እሷ ግን ኪራይ ከፍላ፣ ታክስ ተቆርጦባት፣ ከዚያ ከተረፈው ነው የምትልከው። «መንግሥት ቤት ሰጥቷት ምን ጎደላት» የምትሉ ሰዎች ይህን አስቡበት።

የገባላት ገንዘብስ? አልፎ አልፎ የሚሰጥ ስጦታ፣ ለበዓል፣ ለልደት፣ ገቢ ተብሎ አይያዝም። ሳያቋርጥ በየወሩ የሚመጣ ግን ይያዛል። ዴንቨር ያለው ወንድማችን በየወሩ የስልኳን ቢል ይከፍልላት ነበር፤ እሱም መጠየቂያ ቅጹ ላይ ቦታ አለው።

ቤትም ነገር ነው። እትዬ እዚህ በማኅበር ተደራጅታ ያሠራችው ቤት አለ። አንድ አስተማሪ ተከራይቶታል። ብዙ ሰው «ኢትዮጵያ ያለውን ማን ያያል» ይላል። ቅጹ የሚጠይቀው ያለሽን ንብረት ሁሉ ነው እንጂ አሜሪካ ያለሽን አይደለም። የኪራዩ ገቢ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ገቢ ነው። ቤቱ ራሱ ደግሞ በንብረትነት ይመዘገባል፤ ዋጋው ቢሸጥ ዕዳና የመሸጫ ወጪ ተቀንሶ በእጅ የሚገባው ነው። የሆትማ ሕግ ለንብረት ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ሲጀመር 100,000 ዶላር፣ በየዓመቱ የሚስተካከል። ከዚያ በላይ ንብረት ያለው አዲስ አመልካች አይገባም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከዋጋው በታች ለሰው የተላለፈ ንብረትም እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ «በወንድምሽ ስም አዙሪው» የሚል ምክር እኔም ዘንድ መጥቷል፤ አልተቀበልኩትም። እትዬ ቤቱን አስመዘገበች፤ የኪራይ ውሉን ተርጉሜ ላክሁላት። ሊፈረድባት ይችላል ብለን የፈራነው ነገር በወር ጥቂት ዶላር ሆኖ አለፈ።

እቁቡ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። እትዬ እዚያ ከአገር ልጆች ጋር እቁብ ትጥላለች። ደረሳትና 6,000 ዶላር ባንክ አስገባች። ገቢዋ በየዓመቱ በሚጣራበት ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የባንክ ወረቀቱን አይታ «ይሄ ከየት መጣ?» አለቻት። እቁብን ለፈረንጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ቀላል አይደለም። የራሷ ገንዘብ ተጠራቅሞ የተመለሰ እንጂ አዲስ ገቢ አይደለም። የረዳት የእቁቡ ጸሐፊ ነው። ማን ስንት እንደጣለ፣ መቼ ለማን እንደደረሰ ከደብተሩ ገልብጦ ፈርሞ ሰጣት። እሷም በየሳምንቱ የጣለችውን ከባንክ ወረቀቷ ላይ አሰመረችበት። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀበለችው። እቁብ የምትጥሉ ሁሉ እንዲህ ያለ ገጽ በእጃችሁ ይኑር። የሰው አደራ ገንዘብ ደግሞ በስማችሁ ባንክ ውስጥ አታሳድሩ፤ የእናንተ አለመሆኑን ማስረዳት ከዚህ ይከብዳል።

የአንድ ደብዳቤ ዋጋ

የሥራ ገቢ ሁሉ እኩል አይታይም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ጭራሽ አይቆጠርም። የእትዬ ትልቁ ልጅ በ17 ዓመቱ ምግብ ቤት ሲሠራ ኪራዩ ላይ ምንም አልነካም። ዘንድሮ 18 ሞላው። በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራል፣ በሰዓት 15 ዶላር። በዓመት 15,600 ነው።

ኮሌጅ ገብቶ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ከዚያ ደመወዙ ውስጥ የሚቆጠረው ከጥገኛ ተቀናሹ ጋር እኩል የሆነችው ናት፤ 480 ዶላር። ጥገኛነቱም ስለማይቀር 480 ይነሳለታል። ድምሩ ዜሮ ነው። ትምህርቱን ካቆመ ወይም የግማሽ ቀን ተማሪ ከሆነ ግን 15,600ው ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ 480ውም አይነሳለትም። በ17 ዓመቱ ከነበረው ኪራይ ላይ በወር 402 ዶላር ይጨምራል።

በሁለቱ መካከል ያለው ከኮሌጁ ሬጅስትራር የሚመጣ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። ልጁ ተማሪ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑ ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት። እትዬ ይህን ስነግራት ልጁን በማግስቱ ልካ አስመጣችው።

ያው ሰፈር፣ ያው ደመወዝ፣ ሌላ ኪራይ

የእትዬ ጓደኛ ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው የምትኖረው። ደመወዛቸው ያው ነው። ኪራያቸው ግን አይገናኝም፤ የጓደኛዋ ደግሞ ደመወዟ ቢቀንስም አይወርድም። በመካከላቸው ቅያሜ ሁሉ ተፈጥሮ ነበር።

ነገሩ ቤቶቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸው ነው። የጓደኛዋ ሕንፃ የተሠራው በ1986 በታክስ ሕግ በኩል በመጣው ዘዴ ነው፤ ባለሀብት ቤት ሲሠራ የታክስ ቅናሽ ያገኛል፣ በምላሹ ኪራዩን ይገድባል። እዚያ ኪራዩ የሚወሰነው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ተነስቶ ነው። የተከራይዋ ገቢ የሚጠየቀው ለመግባት ትበቃለች ወይ የሚለውን ለማየት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ብታጣም ኪራዩ ያው ነው። በዚህ በኩል የቀበሌ ቤታችንን ይመስላል፤ ዋጋው የቤቱ ነው። ስለዚህ የዘመዳችሁን ኪራይ ከማስላታችሁ በፊት የቱ ዓይነት ቤት እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ መደበቅ

እዚህ ሴፍቲኔት ውስጥ የሚገባ ሰው ሲመረጥ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ነው። ማን ስንት በግ እንዳለው፣ የማን ልጅ አረብ አገር እንዳለች ሁሉም ያውቃል። እዚያ ጎረቤት አይጠየቅም። ወረቀት ከወረቀት ጋር ይተያያል። ሀድ የሠራተኞችን ደመወዝና የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታና የመሳሰለው) ክፍያን የሚያይበት የኮምፒውተር መረጃ አለው። አሠሪ አዲስ ሰው ሲቀጥር ያስመዘግባል፤ ያ መዝገብ ከእትዬ ፋይል ጋር ይገናኛል። ሁለተኛ ሥራ ይዞ ያልተናገረ ሰው ከዓመት በኋላ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ያኔ የጎደለውን ሁሉ ወደኋላ ቆጥሮ መክፈል አለ። ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። ያን ዓይነት ወረቀት ይዘው የመጡ አንድ እናት አይቻለሁ። ልጃቸው ደብቃ አልነበረም፤ በዓመታዊው ማጣሪያ እነግራለሁ ብላ ቆይታ ነው። የገቢ ለውጥ በስንት ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበት ውሉ ላይ ተጽፏል። ያንን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ገቢ ሲቀንስ ደግሞ ቶሎ መናገር የራስ ጥቅም ነው። ሰዓት ተቀንሶባችሁ፣ ሥራ ቆሞባችሁ ዝም ብትሉ ኪራዩ በድሮው ገቢ ይቀጥላል።

ስሌቱ ካልገባችሁ የተሰላበትን ወረቀት የመጠየቅ መብት አላችሁ። ካልተስማማችሁ ቅሬታ የምታቀርቡበት ቀን ደብዳቤው ላይ አለ። አስተርጓሚም ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ዋና ዋና ወረቀቶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሌላ ከተማም ቢሆን መጠየቅ አያስነውርም። «ገብቶኛል» ብሎ መፈረም ነው የሚያስከፍለው።

እሷ ጋ ይረፍ የምትሉ

የመጨረሻው ለእኛ ለዘመዶች ነው። ዘንድሮ የአጎታችን ልጅ ዲቪ ደረሰው። ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያለ ብዙ ክርክር የወሰነው «እትዬ ጋ ያርፋል» የሚል ነበር። ለእኛ ይኼ ጥያቄ እንኳ አይደለም። ሶፋ ካለ ሰው ያድራል።

እዚያ ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ ስሙ ፋይሉ ላይ መኖር አለበት። እንግዳ ስንት ቀን ማደር እንደሚችል ውሉ ይወስናል። ከዚያ ካለፈ እንደ ቤቱ ነዋሪ ይቆጠራል፤ አከራዩ መፍቀድ አለበት፣ ሥራ ሲይዝ ደመወዙ ከእትዬ ደመወዝ ላይ ተደምሮ ኪራዩ ይሰላል። እሱ ሙሉ ቀን ቢሠራ ኪራዩ በብዙ መቶ ዶላር ይጨምራል። ሳይነገር ቢኖር ደግሞ አደጋው የእሷ፣ የእማዬና የልጆቹ ነው።

ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሥጋዋን በር ላይ ልታቆም ነው?» አሉኝ። የእማዬን ወረቀት አውጥቼ፣ ያችን የ98 ዶላር መስመር በጣቴ እያሳየሁ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ተረኩላቸው። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ቆይተው «እንግዲያስ ክፍል ትፈልግለት» አሉ።

እትዬ አውቶቡስ መስመር ላይ፣ ከሦስት የአገር ልጆች ጋር የሚጋራው ክፍል አገኘችለት። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት ውሉ በሚፈቅደው እሷ ጋ አደረ። ቀኑን እማዬ ናት የቆጠረችው፣ ኩሽና ውስጥ በተሰቀለው ካሌንደር ላይ በእስክርቢቶ እያሰመረች። አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ጋ ይበላል፤ ማታ በሳህን ተቋጥሮለት ይሄዳል።